የኪንግ ኦፍ ፋይተርስ ካራክተሮች ኦፊሻል አርት፦ ከኦሳካ እስከ ፒያሳ ጌም ቤት

ኪንግ ኦፍ ፋይተርስ የጃፓኑ ኤስኤንኬ፣ የኦሳካ ካምፓኒ፣ የሰራው ፋይቲንግ ጌም ነው። የመጀመሪያው የወጣው በ1994 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች ናቸው)። ክሮስኦቨር የሚባለው ከተለያየ ጌም የመጡ ሰዎችን አንድ ላይ ስለሚያደባድብ ነው፣ ቴሪ ቦጋርድና ወንድሙ አንዲ ከፋታል ፊውሪ፣ ሪዮ ሳካዛኪና ሮበርት ከአርት ኦፍ ፋይቲንግ፣ ራልፍና ክላርክ ከኢካሪ ዋሪየርስ፣ አቴና ከሳይኮ ሶልጀር፣ በዚህ ላይ ደግሞ ክዮ ኩሳናጊን የመሰሉ አዲሶች ተጨመሩበት። 8 ቡድን፣ በየቡድኑ 3 ሰው፣ ሲደመር 24።

ኦፊሻል አርት ስል ጌሙ ውስጥ የሚንቀሳቀሰውን ትንሹን ምስል ማለቴ አይደለም። ካምፓኒው ሰዓሊ መድቦ የሚያስለው፣ ፖስተሩ ላይ፣ ማሽኑ ላይ፣ ካርቶኑ ላይ የሚወጣው፣ ካራክተር ስትመርጥና ስታሸንፍ በትልቁ የሚመጣልህ ሥዕል ነው። ለኔ የካራክተሩ እውነተኛ መልክ እሱ ነው፣ የሚደባደበው ጥላው ነው። ይሄን የምለው ዝም ብዬ አይደለም፣ ጌሙ ይሰራበት የነበረው የድሮው ኒዮ ጂኦ ማሽን ስክሪን 320 በ224 ፒክስል ብቻ ነበር፣ በዚህ ላይ ሁለት ሰው ቆሞ ጀርባው ላይ ተመልካች ተስሎ ለፊት የሚተርፈው ጥቂት ነጥብ ነው፣ አይን ሁለት ነጥብ፣ አፍ አንድ መስመር። ሰውየው የተናደደ ይሁን ያዘነ፣ ስንት ዓመቱ ነው፣ ቆንጆ ነው ወይስ አይደለም፣ ይሄን ሁሉ የሚነግርህ ኦፊሻል አርቱ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት፣ ከ94 እስከ 2000 ያለውን፣ የሳለው ሺንኪሮ በሚል ስም የሚታወቀው ሰዓሊ ነው። ሺንኪሮ የካርቱን ፊት አይስልም። ከንፈር አለው፣ የአፍንጫ ጥላ አለው፣ የሸሚዝ እጥፋት አለው፣ ሲኒማ ቤት ደጃፍ የተሰቀለ የፊልም ፖስተር ነው የሚመስለው። ብዙ ሰው "ፊታቸው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው" ብሎ ይወቅሰዋል፣ እኔ ግን ትልቁ ስራው ይሄ ነው እላለሁ። እስቲ አስቡት፣ ራልፍና ክላርክ በ1986 ኢካሪ ዋሪየርስ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚታዩ ትንንሽ ወታደሮች ነበሩ፣ አንዱ ቀይ አንዱ ሰማያዊ፣ ፊት የላቸውም ማለት ይቻላል። አቴና ከጃፓን አኒሜ (የካርቱን ፊልም) የወጣች የምትመስል ልጅ ናት። ቴሪ ኮፍያውን ደፍቶ የሚዞር የአሜሪካ ሰፈር ልጅ ነው። እነዚህን ወስደህ አንድ ፖስተር ላይ ስታቆማቸው የማይተዋወቁ ሰዎች የተነሱት ፎቶ እንዳይሆን የሚያደርገው የሰዓሊው እጅ ነው። ሺንኪሮ ሁሉንም አንድ ሰፈር ያደጉ አስመሰላቸው፣ ክሮስኦቨር የሚባለው ነገር እዛ ላይ ነው የተሳካው፣ ድብድቡ ሳይጀመር በፊት።

ሌላው ምልክት ነው። የኛ አገር ሰው ይሄን ለመረዳት አይቸገርም ምክንያቱም በቤተክርስቲያን ሥዕል አድገናል፣ ጽሑፉን ሳናነብ ነጭ ፈረስና ዘንዶ ካየን ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፣ አንበሳና ነብር ከከበቧቸው አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ናቸው። ኦፊሻል አርትም እንደዛ ነው የሚሰራው። ክዮ ጀርባው ላይ ፀሐይ አለ፣ እሳቱ ብርቱካናማ ነው። ኢዮሪ ያጋሚ (የመጣው በ95 ነው) ጀርባው ላይ ግማሽ ጨረቃ አለ፣ እሳቱ ሐምራዊ ነው፣ ሱሪው ቀይ ሆኖ ሁለቱ እግሮች በቀበቶ የተያያዙ ናቸው። ማይ የምትባለው ሴት ተደባዳቢ ማራገቢያዋን፣ ቴሪ ቀይ ኮፍያውን። ፀሐይና ጨረቃ መሆናቸው ዝም ብሎ ጌጥ አይደለም፣ የኩሳናጊና የያጋሚ ቤት የዘር ጠብ ታሪክ በሙሉ ጃኬት ላይ ተጽፏል ማለት ነው።

አንድ ነገር ላክልበት። በድሮው የኛ ሥዕል ደግ ሰው ፊት ለፊት ሁለት አይኑ ታይቶ ይሳላል፣ ክፉ ሰው ደግሞ በጎን በአንድ አይን። ኢዮሪን ሳየው ሁሌ ይሄ ትዝ ይለኛል፣ ቀይ ፀጉሩ አንድ አይኑን ሸፍኖታል። ጃፓኖቹ የኛን ሥዕል አይተው አይደለም፣ ግን አንድ አይን ብቻ የሚያሳይ ሰው ልብ ውስጥ የሚፈጥረው ነገር ተመሳሳይ ነው መሰለኝ፣ አታምነውም፣ ግን አይንህን ከሱ ላይ አትነቅልም።

በ2000 ሺንኪሮ ስትሪት ፋይተርን ወደሚሰራው ካምፓኒ ወደ ካፕኮም ሄደ። በዛው ዓመት ደግሞ ሁለቱን ካምፓኒዎች ያገናኘው ካፕኮም ቨርሰስ ኤስኤንኬ ወጣ፣ እዚህ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። የስትሪት ፋይተር ልጆችን ሺንኪሮም ሳላቸው፣ የኤስኤንኬን ልጆች ደግሞ ኪኑ ኒሺሙራ የምትባል የካፕኮም ሰዓሊም ሳለቻቸው። የሷ መስመር ለስለስ ያለ ነው፣ ውሃ ቀለም ይመስላል፣ ሰዎቿ ዘና ብለው የቆሙ ናቸው። ሺንኪሮ የሳለውን የስትሪት ፋይተሩን ሪዩ ስታይ ደግሞ ጫማ የሌለው ከገጠር የመጣ እውነተኛ ሰው ነው። ያው ሰው በሁለት እጅ ሲሳል ሁለት ሰው ይሆናል፣ እነዚህን ሥዕሎች ጎን ለጎን አድርጎ ያየ ሰው ኦፊሻል አርት ለምን እንደሚያከራክር ይገባዋል።

ኤስኤንኬ በ2001 ከሰረ። የዛ ዓመቱ ጌም ኢዮሊት ከሚባል የኮሪያ ካምፓኒ ጋር ነው የተሰራው፣ ሥዕሉን የያዘው ኖና የሚባል ሰዓሊ ነው፣ የገረጣ ቀለም፣ የሾለ አገጭ፣ ሁሉም ሰው የታመመ ይመስላል። ብዙው አልወደደለትም። እኔ በበኩሌ ለዛ ጌም ጨለማ ታሪክ ይመጥናል ባይ ነኝ ግን ማይን እንደዛ አድርጎ መሳሉ እስካሁን አልተዋጠልኝም። የ2002ን ጌም ሂሮአኪ ሳለው፣ የ2003ን ፋልኩን፣ የፋልኩን ሰዎች ፋሽን የሚከተሉ፣ ቀለማቸው የደመቀ ነው፣ ማክሲመም ኢምፓክት ለሚባለው የ3ዲ ጌምም ልብስ በልብስ ያደረጋቸው እሱ ነው።

ከዛ ኦጉራ የሚባለው ሰዓሊ መጣ፣ በ2009 አስራ ሁለተኛው ኪንግ ኦፍ ፋይተርስ ላይ። ይሄኛው ጌም ስፕራይቱ (የሚንቀሳቀሰው ትንሹ ምስል) በሙሉ እንደገና ከዜሮ ተሳለ፣ መጀመሪያ 3ዲ ሞዴል ሰርተው ከላዩ ላይ በእጅ ፒክስል በፒክስል ነው የሳሉት። ሥዕሉና የሚንቀሳቀሰው ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀራረቡ፣ ጥላው ከባለቤቱ ጋር ተገናኘ በሉት። በ2016 ግን አስራ አራተኛው ወደ 3ዲ ገባና የሞዴሎቹ ፊት ከኦጉራ ሥዕል ጋር የማይገናኝ ሆነ፣ በ2022 የወጣው አስራ አምስተኛው በዚህ በኩል በጣም ተሻሽሏል።

እኛ ጋ እንዴት ደረሰ ላላችሁ፣ እኔ ያየሁት ፒያሳ ውስጥ ለውስጥ ገባ ብሎ በነበረ ጌም ቤት ነው፣ ፕሌይስቴሽን 2 ላይ። ሲዲው ኮፒ ነው፣ ካርቶን የለው ሽፋን የለው፣ ላስቲክ ውስጥ ሆኖ ላዩ ላይ በማርከር "ኪንግ 2002" ተብሎ ተጽፎበታል። ስለዚህ ኦፊሻል አርት የምናየው ካራክተር ስንመርጥ ብቻ ነበር፣ ተሸናፊ ይነሳል ነው ህጉ፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ "ቶሎ ምረጥ እንጂ" እያለ ይጮህብሃል፣ እኔ ግን ሥዕሉን ለማየት ስል ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስ እያልኩ እዞር ነበር።

የቤቱ ባለቤት በሩ ላይ ኢዮሪን ላስል ብሎ የፀጉር ቤት ታፔላ የሚሰራ ሰዓሊ አመጣ። ሰውየው ጌሙን አያውቀውም። ቲቪውን ወደ በሩ አዙረው መምረጫው ላይ አቁመውለት እያየ በዘይት ቀለም የቆርቆሮው በር ላይ ሳለው፣ ቀዩን ፀጉር አንድ ጊዜ ቀባ፣ ሲደርቅ ደገመው፣ እጁን ልክ እንደ ጌሙ ጥፍር አስመስሎ አወጣለት። ጨረሰ ሲባል ልጆቹ ጮሁ፣ ጨረቃውስ? ጨረቃው ጀርባው ላይ ነው፣ ኢዮሪ ደግሞ ወደኛ ዞሯል፣ በር ጀርባ የለውም። ሰውየው ትንሽ አሰበ፣ ከዛ ብሩሹን ነጭ ቀለም ውስጥ ነከረና ጨረቃዋን ከትከሻው በላይ፣ ጥቁሩ ሰማይ ላይ አስቀመጣት። ያንን መንገድ ያየ ሁሉ ማን እንደሆነ አወቀው።

ቴሪ በ2019 ስማሽ ብራዘርስ የሚባለው የኔንቲንዶ ጌም ውስጥ እንግዳ ሆኖ ሲገባ ቀይ ኮፍያውን አድርጎ ነው የመጣው፣ በ2024 ደግሞ ስትሪት ፋይተር 6 ውስጥ ገባ፣ ማይም በ2025 ተከተለችው። ስማሽ ላይ ማይ በአለባበሷ ምክንያት ለልጆች አይሆንም ተብላ ቀርታ ነበር፣ ከኋላ ቆመው ከሚያዩት መሃል እንኳን አልታየችም። ስትሪት ፋይተር ላይ ጃኬት ደርበውላታል፣ ማራገቢያዋ ግን ያው እጇ ላይ ነው።