የኬንታኪ የቦርበን ጉብኝት፦ ለቅዳሜና እሁድ

ቦርበን ከበቆሎ የሚወጣ የአሜሪካ ዊስኪ ነው። ሕጉ በማንኛውም የአሜሪካ ግዛት ማምረት ይፈቅዳል። የአብዛኛው አገሩ ግን ኬንታኪ ነው። እዚያ መጋዘን ውስጥ የተኙት በርሜሎች ከግዛቱ ነዋሪ ቁጥር ይበልጣሉ። የግዛቱ አምራቾች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1999 ፋብሪካዎቹን የሚያያይዝ የጋራ የጉብኝት መስመር ዘረጋ። ከዚያ ወዲህ ዊስኪ የማይቀምሰው ሰው ሳይቀር ይጎርፍ ጀመር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሕጉ ጥብቅ ነው። ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ መሆን አለበት። የሚቀመጥበት ዕቃ አዲስ፣ ውስጡም በእሳት የተለበለበ የኦክ እንጨት ነው። በርሜል ሲገባ አልኮሉ ከ62.5 በመቶ መብለጥ፣ ሲታሸግ ደግሞ ከ40 በመቶ ማነስ የለበትም። ቀለም መጨመር አይቻልም። ያ የሚያምር ቡናማ መልክ ሙሉ በሙሉ ከእንጨቱ የመጣ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1964 ቦርበን የአገሪቱ መለያ ምርት መሆኑን አውጇል።

ከበቆሎው ሌላ ራይ የሚባለው እህል ወይም ስንዴ፣ በተጨማሪም የገብስ ብቅል ይገባል። አገር ቤት አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው የጉብኝቱ የመጀመሪያ ክፍል አይከብደውም። ብቅሉ፣ የጥንስሱ ሽታ፣ እንፋሎቱ፣ ጠብ ጠብ የሚለው ነጭ ፈሳሽ ሁሉም የሚያውቀው ነው። መጠኑ ብቻ ነው የሚያስደንቀው። በአንዳንድ ፋብሪካዎች ጥንስሱ የሚብላላባቸው ጋኖች እስካሁን ከሳይፕረስ እንጨት የተሠሩ ናቸው። ካቲካላ ግን እንደወጣ ይጠጣል፣ ቦርበን ገና ወደ መኝታው መሄዱ ነው።

ለእኔ የጉብኝቱ ዋና ነገር መጋዘኑ ነው። አስጎብኚው ለቅምሻ ቢያጣድፋችሁ እንኳ እዚያ ቆም በሉ። ብዙዎቹ መጋዘኖች ባለ ብዙ ፎቅ ናቸው፣ ማሞቂያም ማቀዝቀዣም የላቸውም። እያንዳንዱ በርሜል 200 ሊትር ገደማ ይይዛል። ሙቀት ሲመጣ ዊስኪው ተስፋፍቶ እንጨቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ብርድ ሲመጣ ይመለሳል። ጣዕሙን የሚሠራው ይህ ምልልስ ነው። ላይኛው ፎቅ ይሞቃል፣ ስለዚህ እዚያ ያለው ቶሎ ይበስላል። ምድር ቤት ያለው ቀስ ይላል። አንድ ቀን የወጣ፣ አንድ ዓይነት እህል ያለበት ዊስኪ ፎቁ ሲለያይ ሌላ መጠጥ ሆኖ ይወጣል። ሜከርስ ማርክ የሚባለው ፋብሪካ ይህን ለማስተካከል በርሜሎቹን ከፎቅ ፎቅ ያዘዋውራል። ፎር ሮዝስ የሚባለው ደግሞ ባለ አንድ ፎቅ መጋዘን ይጠቀማል።

በየዓመቱ ከበርሜሉ ጥቂት በመቶው ተኖ ይጠፋል። የመላእክት ድርሻ ይሉታል። በዙሪያው ያሉ ዛፎችና ግድግዳዎች ጠቁረው ብታዩ ጥላሸት አይደለም። በዚያ ተን የሚኖር ፈንገስ ነው። የሰፈሩ ሰዎች ቤታቸውና መኪናቸው ሲጠቁር ያማርራሉ፣ ፍርድ ቤት የደረሰም ጉዳይ አለ። እውነታቸውን ነው፣ ጎብኚውም ቢያውቀው ደግ ነው።

መንገዱን በሦስት አካባቢ መክፈል ይቻላል። አንደኛው ሉዊቪል ከተማ ነው። ሜይን ስትሪት ላይ ኦልድ ፎረስተር፣ ኢቫን ዊሊያምስና ሚክተርስ የሚባሉት ፋብሪካዎች በእግር ይደረሳሉ። ኦልድ ፎረስተር በርሜል ሲሠራና በእሳት ሲለበለብ ያሳያል። መኪና ለሌለው ሰው የሚሻለው ይኼ ነው።

ሁለተኛው ከሉዊቪል 65 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የባርድስታውን አካባቢ ነው። ሄቨን ሂልና ዊሌት እዚያው ናቸው። ሄቨን ሂል በ1996 በደረሰበት ቃጠሎ ከ90,000 በላይ በርሜል አጥቷል። ወደ ሎሬቶ ሲወረድ ሜከርስ ማርክ አለ። ጠርሙሱን ራሳችሁ ቀዩ ሰም ውስጥ ትነክራላችሁ። ወደ ሉዊቪል ሲመለሱ ክለርሞንት ላይ ጂም ቢም ይገኛል።

ሦስተኛው የኬንታኪ ዋና ከተማ ፍራንክፈርትና አካባቢው ነው። ቡፋሎ ትሬስ አሜሪካ ውስጥ መጠጥ በሕግ በተከለከለበት ዘመን፣ ከ1920 እስከ 1933፣ ለመድኃኒት በሚል ፈቃድ ሥራውን ከቀጠሉት ጥቂቶች አንዱ ነው። ጉብኝቱ በነፃ ነው፣ ስለዚህ ቦታ ቶሎ ያልቃል። ቨርሴይልስ አጠገብ ያለው ውድፎርድ ሪዘርቭ በድንጋይ ሕንፃዎቹና በመዳብ ማንጠሪያዎቹ ያምራል። ቦታው የፔፐር ቤተሰብ ነበር፣ ቤተሰቡም በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩት። በኬንታኪ ዊስኪ ጅማሬ ውስጥ የእነዚህ ሰዎች ጉልበትና እውቀት አለ። አስጎብኚው ካላነሳው ጠይቁ። ስማቸው ሳይነሳ የሚተረክ ታሪክ ጎዶሎ ነው።

በሁለት ቀን ሁሉንም አዳርሳለሁ ማለት ስህተት ነው። አንድ ጉብኝት አንድ ሰዓት ይወስዳል፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ፣ በመሃል መንገድ አለ። በቀን ሁለት ይበቃል፣ ቢበዛ ሦስት። ቅዳሜን ለባርድስታውን፣ እሁድን ለፍራንክፈርት መስጠት ጥሩ ነው። እሁድ ብዙዎቹ ዘግይተው ስለሚከፍቱ ሰዓቱን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። ቦታም ከሳምንታት በፊት ይያዝ። በጁላይና ኦገስት ሙቀት አንዳንዶቹ ለጥገና ማምረት ያቆማሉ፣ ጋኖቹን ባዶ ልታገኙ ትችላላችሁ። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ይሻላሉ።

ኮለምበስ ኦሃዮ ላለው ሐበሻ ሉዊቪል የሦስት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው፣ ዓርብ ማታ ተነስቶ ይደረሳል። ሾፌሩ ግን አይቅመስ። ቅምሻው ትንሽ ይመስላል፣ ሲደመር ግን ቀላል አይደለም። የማይጠጣ ጓደኛ ከሌለ አስጎብኚ ቫን መከራየት ይቻላል። ለመቅመስ ዕድሜ 21 መሙላት ግድ ነው፣ መታወቂያም ይጠየቃል።

ፋብሪካው ውስጥ ብቻ የሚሸጥ ጠርሙስ ካገኛችሁና በአውሮፕላን የምትመለሱ ከሆነ፣ በእጅ ሻንጣ አይሆንም። በሚጫነው ሻንጣ፣ እሽጉ ሳይከፈት፣ ለአንድ ሰው እስከ 5 ሊትር ይፈቀዳል። ከበርሜሉ ውሃ ሳይጨመርበት ከታሸገው ውስጥ አልኮሉ ከ70 በመቶ የሚያልፍ አለ፣ እሱን አውሮፕላን ጭራሽ አይቀበልም። ከመክፈላችሁ በፊት ጠርሙሱ ላይ ያለውን የአልኮል መጠን አንብቡ።