ቀኖና ከተፈጸመ ንስሐው አበቃ ማለት ነው?

ብዙ ሰው ቀኖናን፣ ማለትም የንስሐ አባት ለተናዘዘ ሰው የሚያዙትን ስግደት፣ ጾምና ምጽዋት፣ እንደ ትራፊክ ቅጣት ያየዋል። ጥፋትህን ተናገርክ፣ ይህን ያህል ስገድ ተባልክ፣ ሰገድክ፣ ፋይሉ ተዘጋ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት ኃጢአትን የሚያስተሰርየው የክርስቶስ ደም ነው። ስግደቱ፣ ጾሙና ምጽዋቱ ሰውየው የለመደውን ክፉ መንገድ እንዲተው የሚያግዙ ናቸው። ለሁሉም እኩል የማይታዘዘውም ለዚህ ነው። ወገባቸውን ለሚያማቸው አዛውንት በስግደት ፈንታ ጸሎት ሊታዘዝ ይችላል። በእሑድና በበዓለ ሃምሳ (ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት) ደግሞ ስግደት የለም።

ዋናው ጉዳይ ሌላ ቦታ ነው። ቢቸና አካባቢ አንድ ገበሬ የጎረቤቱን ድንበር ገፋ እንበል። ዘንድሮ አንድ ትልም፣ ለከርሞ ሌላ ትልም። የጎጃም ገበሬ በመሬቱ ቀልድ አያውቅም፤ ደም የሚያፋስስ ነገር ነው። ታዲያ ይህ ሰው መቶ ጊዜ ቢሰግድ፣ መሬቱ በእጁ እያለ ካልመለሰ ንስሐው ጎደሎ ነው። ደህና የንስሐ አባት “መጀመሪያ መልስ፣ ታረቅ” ይሉታል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ቀራጩ ዘኬዎስ የበደልኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው በዚሁ መንፈስ ነው።

እውነቱን ለመናገር ስግደቱ ይቀላል። ከባዱ ሽማግሌ ይዞ ጎረቤት ደጅ መቆምና ልጆቹ እየሰሙ “በድያለሁ” ማለት ነው። ትሕትና የሚፈተነው እዚያ ነው።

ጎረቤትየው አልታረቅም ቢልስ? በዳዩ መሬቱን መልሶ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ የሆነውን ለንስሐ አባቱ ይነግራል። ስለ ቁርባኑ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።