ማካሬና፦ ሁሉም የጨፈረበት፣ ግጥሙን ጥቂቶች የሰሙት ዘፈን

እ.አ.አ. በ1996 ዓለምን ያስጨፈረው «ማካሬና» ዛሬም ድግስ ላይ ይከፈታል። እጅ ወደ ፊት፣ እጅ ትከሻ ላይ፣ እጅ ወገብ ላይ፣ ከዚያ ዘለል ብሎ ዞር። ጭፈራውን ብዙ ሰው ይችለዋል። ስለ ዘፈኑ የሚወራው ግን ብዙው የተሳሳተ ነው።

«ዘፋኞቹ ድንገት ብቅ ያሉ ወጣቶች ናቸው።» ሎስ ዴል ሪዮ የሚባሉት አንቶኒዮ ሮሜሮና ራፋኤል ሩይዝ የስፔን ሰዎች ናቸው፤ ከሴቪያ አጠገብ ካለችው ዶስ ኤርማናስ። አብረው መዝፈን የጀመሩት በ1962 ነው። ዘፈኑ ዓለምን ሲያዳርስ ሁለቱም 50 ሊደፍኑ ምንም አልቀራቸውም።

«በ1996 ወጣ፣ ወዲያው ተወደደ።» ኧረ በፍጹም! ነገሩ የተጀመረው በ1992 በቬኔዙዌላ ዋና ከተማ ካራካስ ውስጥ ነው። ሁለቱ ዘፋኞች ግብዣ ላይ አንዲት የፍላሜንኮ (የስፔን ባህላዊ ጭፈራ) ጨፋሪ ስትጨፍር አዩ። ሮሜሮ በአድናቆት እዚያው ስንኝ ቋጠረላት። ዘፈኑ ስፔን ውስጥ በ1993 ወጣ። በኋላ አንድ የማያሚ ሬዲዮ ዲጄ ሊያጫውተው ፈለገ፤ አለቆቹ ግን እንግሊዝኛ ካልገባበት አይሆንም አሉት። እሱም ቤይሳይድ ቦይስ ከሚባሉት የሙዚቃ አቀናባሪዎች ጋር ሆኖ የእንግሊዝኛ ግጥም ያለው ሪሚክስ (እንደ አዲስ የተቀናበረ ቅጂ) ሠራ። አሜሪካን ያስጨፈረው ይኸኛው ነው። እሱም ቢሆን ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ለመሆን 33 ሳምንት ፈጅቶበታል። አንደኛ ከሆነ በኋላ ደግሞ 14 ሳምንት አልወርድም አለ።

«የልጆች መጫወቻ ዘፈን ነው።» ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በግጥሙ ውስጥ ማካሬና የምትባለው ሴት ቪቶሪኖ የሚባል ፍቅረኛ አላት። እሱ ለውትድርና ቃለ መሐላ ሲፈጽም፣ እሷ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ትማግጣለች። የእንግሊዝኛው ግጥም እንዲያውም ብሷል፤ ማካሬና ራሷ ምንም ሳታፍር ታወራዋለች፤ ልጁ ከተማ ውስጥ የለም፣ ጓደኞቹ ደግሞ ቆንጆዎች ናቸው፣ ታዲያ ምን ታድርግ? ልጆች በትምህርት ቤት በዓል፣ አያቶች በሰርግ የሚጨፍሩት በዚህ ታሪክ ነው። በ1996 ቺካጎ በተካሄደው የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ ላይ ፖለቲከኞቹ ሳይቀሩ አዳራሽ ውስጥ እጃቸውን ዘርግተው ጨፍረውበታል። ለእኔ ከዘፈኑ ሁሉ የሚያስቀው ይኼ ነው።

«ሪሚክሱ ላይ የምትስቀው የእንግሊዝኛውን ግጥም የምትዘፍነው ሴት ናት።» አይደለችም። ሳቁ የእንግሊዛዊቷ ዘፋኝ የአሊሰን ሞዬት ነው፤ «ያዙ» (Yazoo) የተባለው ባንዷ በ1982 ካወጣው «ሲቹዌሽን» ከሚለው ዘፈን ተቆርጦ የገባ።