ጸበልና መድኃኒት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጎረቤታችን ከሆኑ አንዲት እናት ቤት ስገባ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው መደርደሪያው ላይ ነው። ከእንጦጦ ማርያም የመጣው ጸበል በቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል፤ አጠገቡ የፀረ ኤችአይቪ ክኒናቸው ብልቃጥ አለ። እኚህ እናት ከዓመታት በፊት ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ኃጢአት መስሏቸው ክኒኑን ለወራት ትተውት ነበር፤ ክፉኛ የታመሙትም ያኔ ነው። ለዚያ ያበቋቸው አመለካከቶች ዛሬም ስለሚሰሙ አንድ በአንድ ማየት ተገቢ ነው።

«መድኃኒት መውሰድ የእምነት ጉድለት ነው።»
ይህ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪም እንዲከበር ያዝዛል፤ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር እንደሆነና አስተዋይ ሰው እንደማይንቀው ይናገራል። ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም ሆነ የኤችአይቪ መድኃኒቱ የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውንና እርስ በርስ እንደማይቃረኑ በይፋ አስታውቀዋል። በእስልምናም ነቢዩ ሙሐመድ ምእመናን እንዲታከሙ ማዘዛቸው በሐዲስ ተዘግቧል።

«ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን ማቆም አለበት።»
ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ይመስለኛል። የኤችአይቪ መድኃኒት ቫይረሱ እንዳይራባ ይገታዋል እንጂ ከሰውነት ጠርጎ አያወጣውም፤ ስለዚህ ክኒኑ ሲቋረጥ በሴሎች ውስጥ ተደብቆ የቆየው ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደገና መራባት ይጀምራል፣ የመከላከል አቅምም ቀስ በቀስ ይሸረሸራል። አንዳንዴ እየወሰዱ አንዳንዴ መተው ደግሞ ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲላመድ በር ይከፍታል። መድኃኒቱ በአገራችን በነጻ መሰጠት ከጀመረ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ስንቱ ወላጅ ልጁን አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ እንዳበቃ ላየ ሰው፣ በአንድ አጥማቂ ቃል ይህን ዕድል መተው እጅግ ያሳዝናል።

«በምርመራ ቫይረሱ አልታየም፤ ስለዚህ ድኛለሁ።»
የቫይረሱ መጠን በመሣሪያ ከማይታይበት ደረጃ መውረዱ መድኃኒቱ በሚገባ እየሠራ መሆኑን ያሳያል። ምስጋና የሚገባው ውጤት ነው፤ ክኒኑን ለማቆም ግን ምክንያት አይሆንም።

«የሚጥል በሽታ መንፈስ እንጂ የሐኪም ጉዳይ አይደለም።»
በሽታው በአንጎል ውስጥ ከሚፈጠር ያልተለመደ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመጣ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ክብሪት ማሽተትም አያስቆመውም። ብዙ ሕሙማን እንደ ፌኖባርቢታል ባሉ ርካሽ መድኃኒቶች ሳይወድቁ ይኖራሉ። ሆኖም መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ ያለ ፋታ የሚደጋገምና ሕይወት ሊነጥቅ የሚችል መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል፤ ልጅን ይዞ ጸበል የሚወርድ ወላጅ ክኒኑንም መያዙን እንዳይረሳ አደራ እላለሁ።

«ሳሉ ከቆመ የቲቢ መድኃኒት ይበቃል።»
የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፤ ባክቴሪያው ከሳሉ በኋላም ይቆያል። ጸበልተኞች በአንድ ጠባብ ቤት ተጠጋግተው በሚያድሩበት ቦታ ያቋረጠ ሰው ሌላውንም ሊያስይዝ ይችላል።

«ሐኪም ጸሎትን ይንቃል።»
ይህን ሥጋት አንዳንድ ባለሙያዎች በግልምጫ ያባባሱት መሆኑ አይካድም፤ የተገላመጠ ሕመምተኛም ጸበል መግባቱን ይደብቃል። ጸሎት የሕመምተኛን ፍርሃት ያረጋጋል፣ ብቸኝነቱንም ያቀላል፤ ይህ ለሕክምናው ደጋፊ ነው። ጎረቤታችንን የመለሰቻቸው አንዲት ነርስ ነበረች። ሳትቆጣ «እናቴ፣ ጸበል ይጠጣሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው፤ እርሳቸውም ጠዋት በባዶ ሆድ እንደሚጠጡና አንዳንዴም እንደሚያስመልሳቸው ነገሯት። ነርሷም ክኒኑን ማታ ከራት በኋላ እንዲውጡት ሰዓቱን አዛወረችላቸው።