መኪናው የኔ ነው፣ ታዲያ ለምን መሸጥ አልችልም?

እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው 450 ሺህ ዶላር ገደማ ከፍሎ ፎርድ ጂቲ የተባለውን የስፖርት መኪና ገዛ እንበል። ሊብሬው በስሙ ነው። ግን ለ24 ወራት መሸጥ አይችልም ነበር።

ክልከላው የመንግሥት ሕግ አይደለም፤ ውል ነው። ፎርድ በ2016 ማመልከቻ ተቀብሎ ገዢዎቹን ራሱ መረጠ። የተመረጡትም ቶሎ ላለመሸጥ ፈረሙ። ጥቂት ብቻ የሚመረት መኪና በማግስቱ በእጥፍ ሊቸበቸብ ይችላላ!

የነጻ ትግል ተወዳዳሪውና ተዋናዩ ጆን ሲና መኪናውን በተረከበ በሳምንታት ውስጥ ሸጠው። ፎርድ በ2017 ከሰሰው። ጉዳዩ በቀጣዩ ዓመት በስምምነት አለቀ። ሲና ይቅርታ ጠየቀ፣ የከፈለውም ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ዋለ።

ብዙ ሰው የሚምታታበት ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ውል የሚያስረው የፈረመውን ነው። በ2018 ኢንዲያናፖሊስ ላይ አንድ ጂቲ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ለጨረታ ቀረበ። ፎርድ ሊያሳግድ ቢሞክርም ዳኛው አልተቀበሉትም። ሻጩ የመጀመሪያው ገዢ አልነበረም። መኪናው ከ1.6 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ።

በብድር የገዛ ሰውስ? እሱ ሁለት ውል አለበት። አበዳሪው ዕዳው እስኪያልቅ መኪናውን በመያዣነት ይይዛል። ዕዳውን ቀድሞ መዝጋት ግን የአምራቹን ክልከላ አያነሳም። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ ወርሃዊ ክፍያው ቢከብድ እንኳ ሸጦ መገላገል የለም። ስለዚህ ከመፈረም በፊት «ብታመም ወይም ገንዘብ ቢያጥረኝ ለመሸጥ ማንን ላስፈቅድ?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል።