በአሜሪካ የሥራ መድልዎ «ክስ ውድቅ መሆን» ምንድን ነው?

«ክሱ ውድቅ ሆነ» ሲባል ዳኛው መድልዎ አልተፈጸመም ብለው ፈረዱ ማለት ላይሆን ይችላል። ብዙውን ጊዜ ጉዳዩ ጁሪ (ከሕዝብ ተመርጠው የሚፈርዱ ሰዎች) ፊት ሳይቀርብ መዝገቡ ተዘግቷል ማለት ነው።

በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በጾታና በትውልድ አገር ማዳላትን የሚከለክለው የ1964ቱ (እ.ኤ.አ.) የሲቪል መብቶች ሕግ 15 ሠራተኛ ያልሞላውን ድርጅት አይነካም። ከዚያ በላይ ቢሆንም በቀጥታ ፍርድ ቤት አይኬድም፤ መጀመሪያ ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን አቤቱታ ማቅረብ ግድ ነው። ጊዜው 180 ቀን ሲሆን፣ ስቴቱ የራሱ ፀረ መድልዎ መሥሪያ ቤት ካለው 300 ቀን ይሆናል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ደግሞ በ45 ቀን ውስጥ የመሥሪያ ቤቱን የእኩል ዕድል አማካሪ ማነጋገር አለበት።

ብዙ እውነተኛ በደል ተቀብሮ የሚቀረው እዚህ ቆጠራ ላይ ነው። ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ውሳኔው ለሠራተኛው ከተነገረበት ዕለት እንጂ ሥራውን ከለቀቀበት ዕለት አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1980 ያየው የላይቤሪያዊው መምህር የሪክስ ጉዳይ የወደቀው በዚሁ ነው፤ ኮሌጁ ቋሚነት ከልክሎ የአንድ ዓመት የመጨረሻ ውል ሲሰጠው፣ ቆጠራው ክልከላው በተነገረው ጊዜ ጀምሮ ነበር። የሠራተኛ ማኅበሩ ቅሬታውን እያየው መሆኑም ይርጋውን (የጊዜ ገደቡን) አያቆመውም። ኮሚሽኑ የመክሰስ መብት ደብዳቤ ከሰጠ በኋላ የሚቀረው 90 ቀን ብቻ ነው። አቤቱታው ላይ የትውልድ አገርን ብቻ ጠቅሶ በኋላ በሃይማኖት የሚከስ ሰው ያንን ክፍል ሊያጣ ስለሚችል፣ የደረሰው ሁሉ ከመነሻው ይጻፍ።

ይህን ያለፈ ክስ የሚጠብቀው «ሰመሪ ጀጅመንት» ነው፦ ዳኛው ማስረጃውን በወረቀት አይተው፣ ጁሪ የሚፈታው ክርክር ካላገኙ መዝገቡን ይዘጋሉ። ማስረጃው የሚመዘንበት አካሄድ በአብዛኛው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 በማክዶኔል ዳግላስ ጉዳይ ከሰጠው ፍርድ የመጣ ነው። ሠራተኛው መድልዎን የሚያስጠረጥር መነሻ ማስረጃ ያሳያል፤ አሠሪው «እያረፈደ ስላስቸገረ ነው ያባረርኩት» ይላል፤ ይህ ሽፋን መሆኑን የማስረዳት ሸክም መልሶ ሠራተኛው ላይ ይወድቃል። እዚህ ላይ «ሁሉም ያውቃል» ማለት አይረዳም። የሚረዳው በዚያው አለቃ ሥር ሆኖ እኩል ያረፈደ፣ ግን ያልተባረረ ባልደረባ ነው፤ ወይም ከመባረሩ በፊት በተከታታይ ጥሩ የነበረ የሥራ ምዘና፤ ወይም አሠሪው ለኮሚሽኑ አንድ ነገር ተናግሮ ፍርድ ቤት ሲደርስ የቀየረው ምክንያት።

ቀኑ ያለፈበት የግል ድርጅት ሠራተኛ በደሉ በዘር ከሆነ ሴክሽን 1981 የሚባል ሌላ ሕግ አለለት፤ በኮሚሽኑ በኩል ማለፍን አይጠይቅም፣ የሠራተኛ ቁጥር አይገድበውም፣ ይርጋውም በአብዛኛው 4 ዓመት ነው። የትውልድ አገርን ብቻውን ግን አይሸፍንም፤ «ኢትዮጵያዊ ስለሆንኩ» የሚለው ሳይሆን «ጥቁር ስለሆንኩ» የሚለው ነው የሚገባበት።