ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ምንድን ነው? በቀድሞ ተከራይ ስም የሚመጣው ደብዳቤስ?

በውጭ አገር አዲስ ቤት ከተከራያችሁ ብዙም ሳይቆይ ደብዳቤ ይመጣል። አድራሻው ልክ ነው፣ ስሙ ግን የእናንተ አይደለም። ከእናንተ በፊት እዚያ የኖረ ሰው ስም ነው። ቀጥሎ ሌላ ይደርሳል፤ ከዚያም ፖስታው ላይ በቀይ «አስቸኳይ» የተባለበት ይከተላል። ላኪው ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት ድርጅት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ዕዳ ሰብሳቢ ነው።

የዕዳ ሰብሳቢ ሥራ ሌላ ተቋም ያበደረውን ወይም ሳይከፈለው የቀረውን ገንዘብ ማስመለስ ነው። ይህን በሁለት መንገድ ያደርጋል። አንደኛው ኮሚሽን ነው፦ ባንኩ ወይም የስልክ ኩባንያው «ይህን ሰው ተከታተሉልን» ይላል፣ ሰብሳቢው ካስመለሰው ላይ ድርሻውን ያነሳል። ሁለተኛው ዕዳውን መግዛት ነው። አበዳሪው ተስፋ የቆረጠበትን ዕዳ ከሌሎች በሺዎች ከሚቆጠሩ ጋር ጠቅልሎ ይሸጠዋል፤ ገዢው አዲሱ ባለገንዘብ ይሆናል።

ዋጋው ደግሞ እጅግ ርካሽ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት ትልልቆቹ ዕዳ ገዢዎች ለእያንዳንዱ 1 ዶላር ዕዳ በአማካይ የከፈሉት 4 ሳንቲም ነበር። የ1,000 ዶላር ዕዳ በ40 ዶላር ማለት ነው። ከብዙዎቹ ባለዕዳዎች ጥቂቶቹ ብቻ ቢከፍሉ ገዢው ያተርፋል። ስለዚህ ደብዳቤ በጅምላ መላክ ያዋጣዋል፣ ሰውየው እዚያ ቤት መኖሩን አንድ በአንድ ማጣራት ግን ወጪ ነው። የሚገዛው ነገር ራሱ ብዙ ጊዜ ስም፣ የገንዘብ መጠንና መጨረሻ የታወቀ አድራሻ ያለበት ፋይል ነው። ያ «መጨረሻ የታወቀ አድራሻ» ዛሬ የእናንተ ቤት ሆኗል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ዝምታ ለሰብሳቢው መልስ ነው። ፖስታው ተመልሶ ካልመጣ «አልደረሰም» የሚልበት ምክንያት የለውም፤ ሰውየው አግኝቶት ዝም ያለ ይመስለዋል። ስለዚህ የሚቀጥለው ደብዳቤ ጠንከር ይላል። «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» የሚለው እምብዛም የመጨረሻ አይሆንም። ደብዳቤውን እያነሱ ቆሻሻ ውስጥ መጣል ነገሩን የሚያቆመው ይመስላል እንጂ ያራዝመዋል። ያ ድርጅት ቢሰለችም ፋይሉን ለሌላ ይሸጠውና በአዲስ አርማ እንደገና ይጀመራል።

አሁን ወደሚያስጨንቀው ጥያቄ እንምጣ፦ እኔን ያስከፍሉኛል? አያስከፍሉም። ብድር የተፈራረመው ሰው ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። በዚያ አድራሻ መኖራችሁ ብቻ የማንንም ብድር ወይም የክሬዲት ካርድ ዕዳ አያሸክማችሁም። «ቤቱ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ገብቷል፣ እኔም ብድር እከለከላለሁ» የሚል ወሬም ትሰሙ ይሆናል። የብድር ታሪክ የሚያያዘው ከሰው ጋር ነው። ለምሳሌ በእንግሊዝ የሌላ ሰው ታሪክ እናንተን ሊነካ የሚችለው ከሰውየው ጋር የጋራ ሂሳብ ወይም የጋራ ብድር ካላችሁ ነው። ያው ቤት ውስጥ በተለያየ ጊዜ መኖር አያያይዛችሁም።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ስሙ ከእናንተ ጋር ሲመሳሰል ነው። የእኛ ሰው በራሱና በአባቱ ስም ስለሚጠራ ሞክሼ ብዙ ነው። የፊደል አጻጻፉም በየመሥሪያ ቤቱ ይለያያል። እንዲህ ከሆነ የራሳችሁን የክሬዲት ሪፖርት (የብድር ታሪካችሁ የተመዘገበበትን ሰነድ) አውጥታችሁ የማታውቁት ዕዳ እንዳልተለጠፈባችሁ እዩ።

የውሃና የመብራት ሂሳብ ግን ትንሽ ለየት ይላል። እነዚህ ከቆጣሪው ጋር የተሳሰሩ ስለሆኑ የቀድሞው ሰው ፍጆታ ወደ እናንተ ሊንሸራተት ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ቁልፍ በተረከባችሁበት ቀን ቆጣሪውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ የኪራይ ውሉንም አስቀምጡ። ከዚያ ቀን በፊት ያለው የእናንተ አለመሆኑን የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ደብዳቤውን መክፈትስ? ባትከፍቱት ይሻላል። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የሌላን ሰው ደብዳቤ ምስጢሩን ለማየት ብሎ መክፈት እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው። የእንግሊዝ ሕግ ለዘብ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የፖስታ አገልግሎት ሕግ የሚከለክለው በስህተት የደረሰን ደብዳቤ ያለ በቂ ምክንያት፣ ሰውየውን ለመጉዳት አስቦ መክፈትን ነው። የላኪው አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ ፖስታው ላይ ስለሚገኝ መክፈት የግድ አይሆንም።

የሚሠራው ይህ ነው። አድራሻው ጎን ላይ «በዚህ አድራሻ አይኖርም፣ ለላኪው ይመለስ» ብላችሁ በአገሩ ቋንቋ ጻፉና ፖስታ ሳጥን ውስጥ ጣሉት። ፖስታው ላይ ባርኮድ ከታተመ እሱን ሰርዙት። ደብዳቤ የሚለዩት ማሽኖች የሚያነቡት እሱን ስለሆነ ካልተሰረዘ ዞሮ እናንተው በር ላይ ሊመጣ ይችላል። አንዴ በመመለስ የማይቆም ከሆነ ለድርጅቱ በጽሑፍ አሳውቁ፦ የተጠቀሰው ሰው እዚህ አይኖርም፣ ቤቱን ከዚህ ቀን ጀምሮ የተከራየሁት እኔ ነኝ፣ አድራሻውን ከመዝገባችሁ አውጡ። ኢሜይል ከሆነ ቅጂው ይቀራል፤ ስልክ ግን የተባለውን አያስቀርም።

ስልክ ከደወላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሰብሳቢው «ለማረጋገጥ ያህል» ብሎ ሙሉ ስማችሁን፣ የትውልድ ቀናችሁንና የሥራ ቦታችሁን ሊጠይቅ ይችላል። የመንገር ግዴታ የለባችሁም። «የአሁኑ ነዋሪ ነኝ» በቂ ነው። ከመደወላችሁ በፊትም ቁጥሩን ከደብዳቤው ሳይሆን ድርጅቱን ራሳችሁ ፈልጋችሁ አግኙት፤ ሰብሳቢ መስለው የሚያጭበረብሩ አሉና። የቀድሞው ተከራይ የት እንደሄደ ብታውቁም አድራሻውን አሳልፎ መስጠት የእናንተ ሥራ አይደለም። ለአከራዩ ወይም ለደላላው ንገሩት፣ እሱ ያሳውቀው። «ይገላግለኝ» ብሎ ትንሽም ቢሆን መክፈል ግን ፈጽሞ አይገባም። ከዚያ አድራሻ ገንዘብ ይገኛል ብሎ ለሰብሳቢው መንገር ነው።

የአሜሪካ ሕግ በዚህ ጉዳይ ላይ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የዕዳ አሰባሰብ ሕግ ሰብሳቢው ባለዕዳውን ፍለጋ ሌላ ሰው ማነጋገር እንደሚችል ይፈቅዳል። ሆኖም ሰውየው ዕዳ እንዳለበት ለእናንተ መናገር አይችልም። የነገራችሁት የተሳሳተ ወይም የጎደለ ነው ብሎ የሚያምንበት ምክንያት ከሌለው በቀር ከአንድ ጊዜ በላይ ሊያነጋግራችሁም አይገባም።

«ሰው እንልካለን» የሚለው ማስፈራሪያስ? እዚህ ላይ ሁለት ሰዎችን መለየት ያስፈልጋል። የሰብሳቢው ድርጅት ሠራተኛ እንደማንኛውም መንገደኛ ነው። በር ሊያንኳኳ ይችላል፣ ሊገባ ወይም ዕቃ ሊያነሳ ግን መብት የለውም። «አይኖርም» ብላችሁ በሩን ዝጉ። የፍርድ አስፈጻሚ ግን ሌላ ነው፤ ከጀርባው የፍርድ ቤት ሥልጣን አለ። በእንግሊዝና በዌልስ አስፈጻሚው ከመምጣቱ በፊት ቢያንስ 7 ሙሉ ቀናት የሚሰጥ ማስታወቂያ መላክ አለበት። ችግሩ ማስታወቂያው የሚላከው በቀድሞው ሰው ስም ስለሆነ እናንተ ሳታዩት ያልፋል። ከመጣ አታስገቡት፤ በመስኮት ወይም በበሩ ክፍተት የኪራይ ውሉንና መታወቂያችሁን አሳዩት። ሊወስድ የሚችለው የባለዕዳውን ንብረት ነው። የእናንተን ቴሌቪዥን ሊወስድ አይችልም።

ከፍርድ ቤት የመጣ የሚመስል ፖስታ ደግሞ አታሳድሩት። በእንግሊዝ ክስ መጨረሻ በታወቀ አድራሻ ሊደርስ ይችላል፤ ተከሳሹ በ14 ቀናት ውስጥ መልስ ካልሰጠም በሌለበት ሊፈረድበት ይችላል። ሰውየው መከሰሱን እንኳ ሳያውቅ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቶሎ መመለስና ለአከራዩ መንገር ለማታውቁት ሰው ትልቅ ውለታ ነው፤ ለእናንተም አስፈጻሚ በር ላይ ከመድረሱ በፊት ነገሩን ያስቆማል።

በጽሑፍ ከነገራችኋቸው በኋላም ከቀጠሉ ቅሬታ አቅርቡ፣ መጀመሪያ ለድርጅቱ ራሱ። በአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ድርጅቶች የሚይዙት የግል መረጃ ትክክለኛና እንደ አስፈላጊነቱ የታደሰ እንዲሆን ያስገድዳል፤ ይህን በቅሬታው ላይ መጥቀስ ብዙ ጊዜ ያነቃቸዋል። በአሜሪካ ደግሞ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በዕዳ ሰብሳቢዎች ላይ የሚቀርብ አቤቱታ በኢንተርኔት ይቀበላል። የላካችሁትን ኢሜይል ቅጂና የኪራይ ውሉን አያይዙ፣ የመለሳችኋቸውን ፖስታዎች ፎቶም ካነሳችሁ ጨምሩበት።